ጎመኑን ከመክሰሳችን በፊት ዐለቱን እንወቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣
አዲስ አበባ

ከሁለት ሳምንት በፊት በዚሁ የአንባቢያን አስተያየት ገጽ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ በአዲስ አበባ ወንዞች ዳር ስለሚለማው አትክልት የተሠሩ ጥናቶች እርስ በርሳቸው እንደማይስማሙ፣ አንዱ ጎመኑን መርዝ ሲለው ሌላው የሚያሰጋ ነገር አላገኘሁበትም እንደሚል ጠቅሰው፣ አጥኚዎቹ ካልተግባቡ ሕዝቡ ማንን ሊያምን እንደሚችል በቅሬታ ጠይቀዋል። ቅሬታቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ተነሥተው ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት፣ ማለትም ለጂኦኬሚስትሪ፣ የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ ባክኗል ማለታቸውን ልቀበለው አልቻልኩም፤ የውጤቶቹ መጣረስ የሚያሳየው የትምህርቱን ከንቱነት ሳይሆን፣ በትምህርቱ ልንሠራው የሚገባንን ዋናውን ሥራ ገና አለመሥራታችንን ነውና።

እኔ ግንፍሌ ድልድይ አካባቢ ተወልጄ ያደግኩ፣ በጂኦሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ለጥቂት ዓመታት በውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ከሠራሁ በኋላ በአካባቢ ጂኦኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩ፣ አሁንም በዚሁ ሙያ የምተዳደር ሰው ነኝ። ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የአዲስ አበባ አፈርና የወንዞቿ ደለል ከዐለቱ የወረሱት የንጥረ ነገር መጠን፣ በሙያችን የመነሻ ልክ የምንለው፣ በቅጡ ሳይለካ ስለ ብክለት የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ባልተስተካከለ ሚዛን እንደተመዘነ እህል ነው፤ ይህንን ልክ የማውጣቱ ሥራ ደግሞ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት፣ ሊሰጣቸውም የሚገባ ሥራ ነው።

ጂኦኬሚስትሪ ሲባል ብዙ ሰው የወርቅ ፍለጋ ብቻ ይመስለዋል። ወርቅ ፍለጋውም በእርግጥ የሙያው አንድ ክፍል ነው። ነገር ግን ትምህርቱ በጠቅላላው የሚከታተለው ንጥረ ነገሮች ከዐለት ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ውሃና ወደ ተክል፣ ከዚያም ወደ ሰው አካል የሚያደርጉትን ጉዞ ነው፤ የአካባቢ ጂኦኬሚስትሪ የሚባለው ዘርፍ ደግሞ በዚህ ጉዞ ላይ የሰው እጅ የጨመረውን ከተፈጥሮው ለይቶ ለማወቅ ይሠራል። ሁለቱን መለየት ቀላል ቢሆን ኖሮ ለብቻው የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ባላስፈለገው ነበር።

ከአዲስ አበባ ወርደን ስምጥ ሸለቆ ስንገባ ጥርሳቸው የበለዘ ወጣቶችን በየመንገዱ እናያለን። በወንጂ የስኳር እርሻ ደግሞ አጥንታቸው በፍሎራይድ የተጎዳ የቀድሞ ሠራተኞች ለብዙ ዓመታት የሕክምና ጥናት ርዕስ ሆነው ቆይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚመክረው ፍሎራይድ በብዙ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ውስጥ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይገኛል። ይህን ፍሎራይድ ማንም ፋብሪካ አላፈሰሰውም። ውሃው በእሳተ ገሞራ ዐለትና አመድ ውስጥ እያለፈ ሲሄድ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ያካብታል፣ ካልሲየሙን ግን ያጣል፤ ካልሲየም በበቂ መጠን ቢኖር ኖሮ ከፍሎራይዱ ጋር ተጣምሮ ፍሎራይት የተባለ ማዕድን ሆኖ በዘቀጠ ነበር፤ ካልሲየሙ ስለሌለ ግን ፍሎራይዱ በውሃው ውስጥ እንደሟሟ ይቀራል። ይህን የተማረ ሰው የአንድን ጉድጓድ የካልሲየምና የሶዲየም መጠን አይቶ ብቻ ፍሎራይዱን ከወዲሁ ይጠረጥራል፤ ያልተማረው ግን በካይ ፍለጋ ይወጣል።

ወደ መሐል ከተማችን እንመለስ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ወደ ሜዳው የሳባቸው ፍልውሃ ዛሬም አለ። ይህ ውሃ ዝናብ ሆኖ ወርዶ ወደ ጥልቁ የሰረገ፣ በዚያ ሞቆ በመሬት ስንጥቅ በኩል ተመልሶ የወጣ ውሃ ነው፤ በጉዞው የያዘውም ሶዲየምና ባይካርቦኔት ከቀዝቃዛዎቹ የእንጦጦ ምንጮች ፈጽሞ ይለየዋል። ባንትይቀጡ ወንዝ በዚሁ አጠገብ ያልፋል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ከፍልውሃ በላይና በታች ከወንዙ ናሙና ወስዶ ልዩነት ቢያገኝ፣ ልዩነቱ ስንቱ ከሆቴልና ከመኖሪያ ቤት ፍሳሽ፣ ስንቱ ከምድር እንደመጣ ሳይለይ መደምደሚያ ቢጽፍ በማን ላይ እየፈረደ ነው?

የክሮሚየም ነገር ከዚህም ይከብዳል። ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉት በክሮሚየም ጨው ስለሆነ በከተማችን ወንዞች ላይ የተሠራ ጥናት ሁሉ ክሮሚየምን ሳይለካ አያልፍም፤ ደግም ያደርጋል። ነገር ግን ከተማዋ ከተሠራችባቸው ዐለቶች መካከል ከዋነኞቹ አንዱ ባዛልት የተባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። ባዛልት ደግሞ በዓለም አቀፍ አማካይ ስሌት በአንድ ኪሎግራም ውስጥ 170 ሚሊግራም ገደማ ክሮሚየምና 130 ሚሊግራም ገደማ ኒኬል ይይዛል፤ ግራናይት የሚይዘው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ባዛልት በዝናብና በሙቀት ሲበሰብስ ካልሲየሙና ሶዲየሙ ታጥበው ይሄዳሉ፣ ብረቱ፣ አሉሚኒየሙና ክሮሚየሙ ግን በቀይ አፈሩ ውስጥ ይቀራሉ። በሌላ አህጉር፣ በሌላ ዓይነት ዐለት ላይ ላረፈ አፈር የወጣን የገደብ መጠን አምጥተን በእኛ አፈር ላይ ብንለጥፈው፣ ፋብሪካ ቀርቶ ጋራዥ እንኳ ደርሶበት የማያውቅ የባዛልት ተዳፋት የተበከለ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ተቃራኒውም ስሕተት አለ፤ ክሮሚየሙ ከዐለቱ ነው ብለን ችላ ስንል ከፍሳሽ የመጣው ሊያመልጠን ይችላል። በዚህ ላይ መጠኑን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። በዐለትና በቆዳ ማልፊያ ጨው ውስጥ ያለው ክሮሚየም ሦስተኛ የተባለው፣ ከቦታው ብዙም የማይንቀሳቀስና ጉዳቱ ያነሰው መልክ ሲሆን፣ ስድስተኛ የተባለው መልኩ በውሃ በቀላሉ የሚሄድና ካንሰር የሚያስከትል ነው፤ በአፈር ውስጥ ያለ የማንጋኒዝ ኦክሳይድም ሦስተኛውን ወደ ስድስተኛው ሊለውጠው ይችላል። ድምር መጠኑን ብቻ የጻፈ ጥናት የትኛው እንደሆነ አይነግረንም።

ጸሐፊው የጠቀሷቸው ሁለት ጥናቶች ለምን እንደተጣረሱ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ሳላነብ መፍረድ አልችልም። ሆኖም ሁለት ታማኝ ሰዎች ከአንድ መደብ ጎመን ቆርጠው እንዴት የተለያየ ቁጥር ይዘው እንደሚመጡ ከልምዴ ማስረዳት እችላለሁ። የጎመን ቅጠል ከክብደቱ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ቅጠሉን አድርቆ የለካ ሰው በኪሎግራም የሚጽፈው ቁጥር፣ እርጥቡን መዝኖ ከሚጽፈው እስከ አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የምግብ ደረጃዎች የሚወጡት በእርጥብ ክብደት ሲሆን የደረቅ ክብደት ውጤትን ከዚያ ደረጃ ጋር በቀጥታ ያነጻጸሩ ጽሑፎች በእጄ ገብተው ያውቃሉ። ቅጠሉን እንደ ቤት እመቤት አጥቦ የለካና ከነአቧራው የፈጨም እኩል አያገኙም፤ የኋለኛው የለካው ከጎመኑ ጋር መንገዱንም ነው። በውሃውም እንዲሁ ነው። የተሟሟውን የብረታ ብረት መጠን ለማወቅ ውሃው እዚያው ወንዙ ዳር 0.45 ማይክሮን ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ ተጣርቶ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ተደርጎበት የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ2 በታች መውረድ አለበት። አሲዱ ሳይጣራ የተጨመረ እንደሆነ በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው ሸክላ አፈር የያዘውን ብረት ይለቅና ውጤቱ ሰማይ ይነካል። ነሐሴ ላይ በሙላት ጊዜ የተቀዳና ጥር ላይ ወንዙ ሲሳሳ የተቀዳ ናሙናም የአንድ ወንዝ ቃል አይሆኑም። እነዚህ ሁሉ በመመረቂያ ጽሑፉ የዘዴ ምዕራፍ ውስጥ በሁለት መስመር የሚታለፉ፣ ውጤቱን ግን ከሥሩ የሚቀይሩ ነገሮች ናቸው።

የመስክ ሥራዬን የጀመርኩበትን ጠዋት አልረሳውም። ግንፍሌ ወንዝ ዳር ከድልድዩ ዝቅ ብዬ፣ በአሲድ ታጥበው የደረቁ ጠርሙሶቼን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልዬ፣ በስሪንጅ የቀዳሁትን ውሃ በማጣሪያው ስገፋ ከሃያ ሚሊሊትር በኋላ ማጣሪያው ጠቁሮ እምቢ አለኝ። አንድ ጠርሙስ ለመሙላት አምስት ማጣሪያ ጨረስኩ፤ የእያንዳንዱን ዋጋ የማውቀው እኔ ነኝ። ከወንዙ ማዶ በትንሽ መደብ ላይ ጎመን የሚኮተኩቱ አንዲት እናት ለብዙ ጊዜ ሲመለከቱኝ ቆይተው ተሻገሩና፣ «የኔ ልጅ፣ ውሃው ምን አለህ?» አሉኝ። «እማማ፣ ገና ላቦራቶሪ ይገባል፤ ሲወጣ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። እሳቸውም ጎመኑን የልጅ ልጆቻቸው እንደሚበሉት፣ መጥፎ ከሆነ እንዳልደብቃቸው አደራ አሉኝ።

ያንን አደራ በጊዜው አልተወጣሁም። ናሙናዎቼን ያስገባሁበት ላቦራቶሪ የነበረው አቶሚክ አብዞርፕሽን የተባለ የብረታ ብረት መጠን መለኪያ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የየራሱ ላምፕ ይፈልጋል፤ ካድሚየም የተባለውን መርዛማ ብረት የሚለካው ላምፕ ተቃጥሎ ስለነበር ግዢው እስኪፈቀድ ድረስ ጠርሙሶቼ ከሰባት ወር በላይ ፍሪጅ ውስጥ ተቀመጡ። በመጨረሻም ከፊሉን በራሴ ወጪ ወደ ውጭ አገር ላክሁ። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ባዶ ናሙናዬ፣ ማለትም ምንም እንዳይኖርበት አድርጌ በንጹሕ ውሃ የሞላሁት ጠርሙስ፣ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ተገኘበት። ሊዱ ከጠርሙሱ ይሁን፣ ከአሲዱ፣ ከክፍሉ አቧራ፣ ማወቅ አልተቻለም፤ ስለዚህ የሊድ ውጤቶቼን በሙሉ ሰረዝኩ። እኚያን እናት ከዓመት በኋላ ፈልጌ ሳገኛቸው መደባቸው ተነሥቶ ነበር፤ ስለ ክሮሚየሙና ስለ ኒኬሉ የማውቀውን ነገርኳቸው፣ ስለ ሊዱ ግን የምላቸው አልነበረኝም። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። አንድ ላምፕ ሲጎድል የሚጎድለው የተማሪው ዲግሪ ብቻ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

በዚያ በተሰረዘ የሊድ ውጤት ዓምድ ባዘንኩበት ሰሞን ያጽናናኝ የአሜሪካዊው ጂኦኬሚስት የክሌር ፓተርሰን ታሪክ ነበር። ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ሥራ የምድርን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብሎ ያሰላው በሊድ አይሶቶፖች፣ ማለትም በክብደት በሚለያዩ የሊድ አተም ዓይነቶች፣ ሲሆን፣ ለዓመታት ያስቸገረው ናሙናውን የሚበክል ከየትም የሚመጣ ሊድ ነበር። ያንን ሊድ ለማጥፋት ብሎ ክፍሉንና ዕቃውን ከአቧራ የጠበቀ ላቦራቶሪ ሠራ፤ የሊዱን ምንጭ ሲከታተልም በቤንዚን ውስጥ ከሚጨመረው ሊድ ላይ ደረሰ፣ ቤንዚኑ እንዲለወጥም ዕድሜውን ሙሉ ተሟገተ። ሊድ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ገበያ ፈጽሞ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ2021 አልጄሪያ የመጨረሻዋ ሆና ስታቆም ነው። በአገራችንም ከቀረ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ሆኖም ሊድ ከአፈር ጋር አጥብቆ የሚይዝ ብረት ስለሆነ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ በመንገዶቻችን ዳር የዚያ ዘመን ጭስ አሻራ በላይኛው አፈር ውስጥ ይኖራል ብሎ መጠበቅ የሙያው ሀሁ ነው። ምን ያህል እንደሆነ መለካት ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ባዶ ናሙና፣ ከአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ የተወሰደ ድርብ ናሙናና ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ማመሳከሪያ ናሙና አብረው ካልተለኩ፣ የውሃ ውጤትም ከሆነ በውሃው የሟሙት የአዎንታዊና የአሉታዊ አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) የሙል ድምር በ5 በመቶ ልዩነት ውስጥ ካልተመጣጠነ፣ ቁጥሩ ለጋዜጣ ርዕስ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለፍርድ አይሆንም። በሁለተኛ ዲግሪ የመጀመሪያ ዓመት በክፍል ውስጥ የምንማረው ቴርሞዳይናሚክስና ስታቲስቲክስ ጠቃሚ ነው፤ እኔን ግን ጂኦኬሚስት ያደረገኝ ያ የተሰረዘ የሊድ ዓምድ ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ርዕሱን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው። አንዱ በዚህ ዓመት ትንሹ አቃቂ ላይ አሥራ ሁለት ናሙና ይወስዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ያንኑ ወንዝ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ወር፣ በሌላ ዘዴ ይለካል። ሁለቱም ይመረቃሉ። ጽሑፎቹ በጥቁር ጥራዝ ታስረው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጥሬ ውጤቱ በተማሪው ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል፣ ላፕቶፑ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። የእኔ ጥሬ ውጤት ዛሬ ያለው ከእኔ ዘንድ ብቻ ነው፤ ማንም ስጠኝ ብሎኝ አያውቅም። ሃያ ተማሪዎች በየፊናቸው የለኩት ተደምሮ አንድ ካርታ የማይሆነው ችሎታ አጥተው ሳይሆን እንዲደመር ተብሎ ስላልታቀደ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ጂኦኬሚስትሪን የሚያስተምሩ የትምህርት ክፍሎች ከተማዋን እንደ አንድ የጋራ ጥናት ይዘው ለተማሪዎቻቸው በየቁራጩ እንዲያካፍሉ ነው። ቀበና፣ ግንፍሌና ባንትይቀጡ ከላይ ከእንጦጦ ጀምረው በመሐል ከተማ አልፈው ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳሉ፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂም አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ተማሪ ሰው ያልደረሰበትን የላይኛውን ተፋሰስ ዐለት፣ አፈርና ደለል ቢይዝ የመነሻ ልኩ ከዚያ ይወጣል፤ ሌሎቹ በዚያው ዘዴ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ማመሳከሪያ ናሙና እየለኩ ቢወርዱ ሰው የጨመረው ምን እንደሆነ ከልዩነቱ ይታያል። ከናሙናው ሩብ ያህሉ ደርቆ፣ ስምና ቦታው ተጽፎበት ቢቀመጥ የዛሬው መሣሪያ የማይችለውን የነገው ይለካዋል። ጥሬ ውጤቱ ከነባዶ ናሙናው ገቢ ሳይደረግ መመረቂያ ጽሑፉ የመጨረሻ ፊርማ እንዳያገኝ ቢደረግ ደግሞ ምንም ወጪ አይጠይቅም። ገንዘብ የሚጠይቀው ላምፑ፣ ጋዙና አሲዱ ነው፤ ለዚህም ከወንዞቹ ማልሚያ በጀት እጅግ ትንሿ ክፍልፋይ ትበቃለች።

ይህ ሥራ ጊዜ አይሰጥም የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እንጦጦን ከአቃቂ ለማገናኘት ታስቦ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው 56 ኪሎሜትር የሚሸፍነው የወንዝ ዳርቻ ልማት፣ ከዚያም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በአራት ኪሎ የተጀመረው የኮሪደር ልማት የመሐል ከተማውን የላይኛውን አፈር በየቀኑ እየገለበጠው ነው። ልማቱን አልቃወምም፤ የምኖርበት የግንፍሌ ዳርቻ ሲጸዳ ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። ነገር ግን በገልባጭ መኪና ተጭኖ የሚሄደው አፈር የመቶ ዓመት የከተማችን የኬሚስትሪ መዝገብ ነው። ከየት ተነሥቶ የት እንደተደፋ ካልተመዘገበ ወደፊት የሚለካ ሰው የፒያሳን አፈር ሌላ ሰፈር እያገኘ ይደናገራል፤ በወንዙ ዳር ለሣርና ለአበባ ተብሎ ከሌላ ቦታ የመጣው አፈርም እንዲሁ። ቁፋሮው ከመድረሱ በፊት ከየሰፈሩ አንድ አንድ ኪሎ አፈር ማስቀረት ለአንድ ክፍል ተማሪዎች የሁለት ሳምንት ሥራ ነው፤ የሚያስፈልገው አጥር ውስጥ ለመግባት የሚፈቅድ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። እኔ በተማሪነቴ ያንን ደብዳቤ ለማግኘት ሦስት ቢሮ ተመላልሼ ሳይሳካልኝ ቀርቷል።

አትክልቱን በሚመለከት ለጸሐፊው ጥያቄ ዛሬ ልሰጥ የምችለው መልስ ይህን ያህል ነው። ቅጠሉን በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ከላዩ ያረፈውን አቧራ ያነሣል፣ በሥሩ በኩል የገባውን ግን አያነሣም፤ ከቆዳ ፋብሪካና ከጋራዥ ፍሳሽ በታች የለማውን ባይበሉ እመርጣለሁ፤ ከዚያ ያለፈውን በቁጥር ለመናገር የመነሻ ልኩ መውጣት አለበት።

ጥር ሲገባ የግንፍሌ ውሃ ይቀንሳል፣ ደለሉም ይገለጣል። ናሙና ለመውሰድ የሚያስብ ተማሪ ወይም አማካሪ ካለ፣ የመስክ ደብተሬን፣ ናሙና የወሰድኩባቸውን ቦታዎች ከነመጋጠሚያ ነጥባቸው፣ የሰረዝኩትንም የሊድ ውጤት ጨምሬ በነፃ እሰጣለሁ፤ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍላችሁ ይገኛል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አንድ የአካባቢ ጂኦኬሚስትሪ ባለሙያ
ከግንፍሌ፣ አዲስ አበባ